ምዕራፍ ሰባት፤ ስለ ደባል ፕሮግራሞችና ከነሥራቸው ስለ መንቀል

ከወግዲ ደጋ ተነሥቶ ወደ አባይ ሸለቆ ሲወረድ፣ ገብሱና ስንዴው ወደ ኋላ ቀርቶ ማሽላው በሚተካበት ቆላ የሚያርስ ገበሬ ከአረም ሁሉ አብልጦ የሚፈራው አቀንጭራን ነው፤ ሌላው አረም ከእህሉ ጎን በቅሎ በብርሃንና በእርጥበት የሚሻማ ግልጽ ባላጋራ ሲሆን፣ አቀንጭራ ግን ገና ከመሬት በታች ሳለ በማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ፣ ማሽላው ለራሱ የሳበውን ውሃና ምግብ በስውር እየጠጣ ይቆይና፣ አበባው ከአፈር በላይ ብቅ ብሎ በታየበት ቀን አብዛኛው ጉዳት ተፈጽሞ ያለቀ ይሆናልና። ገበሬው ከላይ ቢያጭደው ሥሩ ይቀራል፤ ሥሩን ቢነቅለው ደግሞ ዘሩ ይቀራል፤ አንዲት የአቀንጭራ ተክል እንደ ትቢያ የደቀቀ በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠር ዘር ታፈሳለች፣ ያም ዘር የሚጠባው ሥር እስኪያገኝ ድረስ በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊጠብቅ ይችላል።

የኮምፒውተርን ነገር ሊያስረዳ የተነሣ ምዕራፍ ከማሽላ እርሻ መጀመሩ፣ የምንመረምረው ጉዳይ በባሕርዩ ከአቀንጭራ ጋር አንድ ስለ ሆነ ነው። ይኸውም ሰው የሚፈልገውን አንድ ፕሮግራም በኮምፒውተሩ ላይ ሲጭን፣ ከተፈለገው ጋር ተጠቅልለው የሚገቡ፣ ባለቤቱ ያልጠየቃቸው፣ በማይታይ ስፍራ ተቀምጠው የኮምፒውተሩን ጉልበት፣ የኢንተርኔቱን ፓኬጅና የባለቤቱን ምሥጢር የሚመገቡ ፕሮግራሞች ጉዳይ ነው። እኔ እነዚህን ደባል ፕሮግራሞች እላቸዋለሁ። ይሁን እንጂ በሀገራችን ልማድ ደባል የሚባለው ሰው እንኳ ባለቤቱን አስፈቅዶ፣ ኪራዩን ተካፍሎ፣ የቤቱን ሥርዓት ጠብቆ የሚኖር ሲሆን፣ የኮምፒውተሩ ደባል ግን፣ አባቶች «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እንዳሉት፣ ሳይጠራ የሚቀርብ፣ ሳይላክ የሚወጣና የሚገባ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደሴ በአቀስታ በኩል ተጉዤ መካነ ሰላም በደረስሁ ጊዜ፣ አንድ ማመልከቻ ለማስጻፍ ወደ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ቤቱን የምትጠብቀው ወጣት ኮምፒውተሩን ከከፈተችው በኋላ ረዥም ጊዜ ተጠባበቅን፤ በመጨረሻም መስኮቱ ሲከፈት፣ ማንም ያልጠራቸው ማስታወቂያዎች አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረቡ ፊቱን ሸፈኑት። ወጣቷ አፍራ፦

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ኮምፒውተሩ አርጅቷል። ጠዋት ከፍቼው ቤቱን ጠርጌ ስጨርስ ነው ለሥራ የሚደርስልኝ» አለችኝ።

«አብሽሪ ልጄ፣ አላረጀም፤ ደባል በዝቶበት ነው» አልኋት።

«ኧረ እኔ የአማርኛ መጻፊያ ብቻ ነው የጫንሁት!»

«ስትጭኝው ምን ምን ብሎ ጠየቀሽ?»

«እንጃ፤ በእንግሊዝኛ ብዙ ነገር ይላል። እኔ ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ ብዬ ጨረስሁ።»

ከዚያ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ከፍተን በገቡበት ቀን ቅደም ተከተል ስናሰልፋቸው፣ ከአማርኛው መጻፊያ ጋር በዚያው ዕለት የገቡ ሰባት ፕሮግራሞች ተገኙ፤ ከነዚህም አንዱ የኢንተርኔት መፈለጊያዋን የለወጠ፣ ሁለተኛው የሸቀጥ ማስታወቂያ የሚያመጣ፣ ሦስተኛው ኮምፒውተርሽን አፈጥንልሻለሁ እያለ ዘወትር ገንዘብ የሚጠይቅ፣ የቀሩትም እንደዚሁ ነበሩ። ወጣቷ ዝርዝሩን ደጋግማ ካየች በኋላ፣ «እነዚህን ሁሉ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ምዕራፍ ያስጻፈኝ ይህ ጥያቄ ነው። መልሱም አዎን፣ እጅሽ አስገብቷቸዋል፤ ፈቃድሽ ግን አላስገባቸውም የሚል ነው።

ደባሉ በምን በር እንደሚገባ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ የዚህን ነገር ሥር የሚሻ ሰው የሚያገኘው የገንዘብን ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ጠቃሚ ፕሮግራም ሠርቶ በነጻ ሲያድል፣ ወይም ሌላው የሠራውን በራሱ ማደያ ሲያከፋፍል፣ ኑሮውን የሚደጉምበት ገቢ ይፈልጋል፤ በሌላ ወገን ደግሞ ማስታወቂያውን ወይም መፈለጊያውን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ላይ ማስቀመጥ የሚመኝ ነጋዴ አለ፤ በሁለቱ መካከልም የቆመ ደላላ፣ የአንዱን ፕሮግራም በሌላው ጠቅልሎ፣ በተጫነ ቁጥር ሒሳብ ያካፍላል። የጉግልና የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 ይህን ገበያ መርምረው ባወጡት ጥናት እንደ ተገለጸው፣ ለአንድ ጭነት የሚከፈለው ዋጋ እንደየሀገሩ ከ10 የአሜሪካ ሳንቲም እስከ 1 ዶላር ከ50 የሚደርስ ሲሆን፣ የጉግል የጥበቃ ሥርዓትም እንዲህ ካለው ያልተፈለገ ፕሮግራም የተነሣ በየሳምንቱ ከ60 ሚሊዮን በላይ ማስጠንቀቂያ ያሳይ ነበር። እንግዲህ በመካነ ሰላም የተጫነችው «ኔክስት» የምትባል ቃል ለማናውቀው ሰው ሳንቲም ታስገኝ ነበር ማለት ነው።

ደላላው ፈቃድ አላገኘሁም እንዳይባል፣ በሚጫነው ፕሮግራም መካከል በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ውል ያስቀምጣል፤ አስቀድሞም የፈቃድ ምልክት ያደረገባቸውን ትናንሽ ሣጥኖች ይደረድራል፤ ፈጣን የሚለውን መንገድ አስጊጦ ፊት ለፊት ያቆምና፣ ደባሎቹን አንድ በአንድ ለመቃወም የሚያስችለውን መንገድ «ለዐዋቂዎች ብቻ» በሚመስል ስም ከኋላ ይደብቀዋል። እንግሊዝኛውን ጠንቅቆ የሚያነብ ሰው እንኳ ተቻኩሎ በሚያልፈው በዚህ በር፣ በራሱ ቋንቋ ያልተጻፈለት የወግዲ ወይም የከለላ ሰው እንዴት አድርጎ ይጠንቀቅ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1678 ውል ይጸና ዘንድ የተዋዋዮቹን ጉድለት የሌለበት ፈቃድ ይሻል፤ በቁጥር 1696ም በስሕተት፣ በተንኮል ወይም በኃይል የተገኘ ፈቃድ ጉድለት ያለበት መሆኑን ያመለክታል። እነዚህን ቁጥሮች የማነሣው በሺሕ ኪሎ ሜትር ርቀት ያለውን ደላላ ፍርድ ቤት ለማቆም ሳይሆን፣ ፈቃድ ማለት ዐውቆና ወድዶ የሚሰጥ ነገር መሆኑን ሕጋችን ኮምፒውተር በመካከላችን ሳይኖር ገና የደነገገው መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውል ነው።

የታወቁ ምሳሌዎች

ደባልን የሚያስገቡት ስማቸው ያልታወቀ ደላሎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ፣ ከታወቀ ቤት ግዛ የሚል አንድ ምክር በበቃን ነበር። ነገር ግን የታሪኩ መዝገብ እንዲህ አይልም።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 2005 ማርክ ረሲኖቪች የሚባል የዊንዶውስ ሊቅ፣ ሶኒ ቢኤምጂ የሚባለው ታላቅ የሙዚቃ ኩባንያ ከሚሸጣቸው ሲዲዎች አንዳንዶቹ፣ ሙዚቃው እንዳይገለበጥ ለመከላከል በሚል ምክንያት፣ ራሱን ከዊንዶውስ ዓይን የሚሰውር ፕሮግራም በገዢው ኮምፒውተር ላይ እንደሚተክሉ ገልጦ ጻፈ። ስውር ቤት የተሠራለት ነገር ለአንድ ተከራይ ብቻ አይቀርም፤ ሌሎች ክፉ ፕሮግራሞችም በዚያው መሸሸጊያ ተጠለሉበት። ኩባንያው ሕዝብ ሲቆጣ ያወጣው የመጀመሪያው ማስወገጃ ደግሞ ራሱ አዲስ ቀዳዳ የሚከፍት ሆኖ ተገኘ፤ ሲዲዎቹም ከገበያ ተሰበሰቡ።

በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚገኘው ጃቫ የሚባለው ፕሮግራም በታደሰ ቁጥር አስክ የተባለ የመፈለጊያ መሣሪያ ይዞ ይመጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ጉዳዩን የመረመሩ ጸሐፊዎች እንደ ገለጹት፣ መሣሪያው ወዲያው አይጫንም፤ ዋናው ጭነት ካለቀ በኋላ 10 ደቂቃ ያህል ይታገሣል። ስለዚህም ባለቤቱ የገባውን ለማየት ወዲያው ዝርዝሩን ቢከፍት አንዳች ነገር አያገኝም ነበር።

ከሁሉም ይልቅ ለማስወገድ ትምህርት የሚሰጠው የሌኖቮ ጉዳይ ነው። ይህ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2014 ጀምሮ በሸጣቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ሱፐርፊሽ የሚባል የማስታወቂያ ፕሮግራም ከፋብሪካው ጭኖ ነበር። ፕሮግራሙ በባንክም ሆነ በኢሜይል ገጽ ውስጥ ማስታወቂያ ማስገባት ይችል ዘንድ፣ ኮምፒውተሩ እውነተኛውን ገጽ ከሐሰተኛው የሚለይበትን የመታመኛ የምስክር ወረቀት የሚመስል የራሱን ምስክር በዊንዶውስ ልብ ውስጥ ተከለ፤ ይህም ዓይነት ምስክር በሙያው ቋንቋ የሥር ምስክር ይባላል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 ነገሩ ሲገለጥ የታየው ግን፣ ባለቤቱ ፕሮግራሙን ቢያስወግድ እንኳ ያ የሥር ምስክር በቦታው ይቀር የነበረ መሆኑ ነው፤ ምስጢራዊው ቁልፍም በሁሉም ላፕቶፖች ላይ አንድ ዓይነት ስለ ነበረ፣ አንዱን የፈታ ሰው የሁሉንም በር ይከፍት ነበር። ሌኖቮ በኋላ ሥሩንም የሚነቅል መሣሪያ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2017ም ለ32 የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር 3.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ግንዱን ቆርጦ ሥሩን መተው ምን ማለት እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለም።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ፣ ኮምፒውተር ከሌለው ሕዝብ መካከል በእጁ ስልክ የያዘው ብዙ ነውና፣ በጣም የቀረበን ጉዳይ የስልክ ሆኖ እናገኘዋለን። አፕስትሪም የሚባለው ድርጅት የጥበቃ ክፍል የሆነው ሴኪዩር-ዲ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ባወጣው ዘገባ፣ ኢትዮጵያን፣ ካሜሩንን፣ ግብፅን፣ ጋናንና ደቡብ አፍሪካን ጠቅሶ፣ ቴክኖ ደብልዩ 2 በሚባሉ ርካሽ ስልኮች ላይ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ ፕሮግራሞች ተገኝተዋል፤ እነርሱም ባለቤቱ ሳያውቅ የክፍያ አገልግሎት በስሙ ለማስመዝገብና የስልኩን ሒሳብ ለመብላት ይሞክሩ ነበር አለ፤ ከመጋቢት 2019 ጀምሮም ከ200,000 በላይ ከሆኑ ስልኮች የመጡ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ የክፍያ ጥያቄዎችን ማገዱን ገለጸ። አምራቹ በበኩሉ ነገሩ ቀድሞ የታወቀና ማስተካከያ የተሰጠበት ጉዳይ መሆኑን ተናገረ። ለትምህርታችን የሚጠቅመው ነጥብ ግን ኤክስሄልፐር ስልኩ ወደ ፋብሪካው ይዘት ተመልሶ እንደ አዲስ ሲጀመር እንኳ ተመልሶ ይበቅል የነበረ መሆኑ ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ፤ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ዘገባ እንዳመለከተው፣ በውጭ ሀገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች በኢሜይል የተላኩ አገናኞች፣ ቪዲዮውን ለማየት የፍላሽ ማጫወቻችሁን አድሱ እያሉ ወደ ሐሰተኛ ገጽ ይወስዱ ነበር፤ የታዘዘውን የጫነ ሰው የሚሠራ ፕሮግራም ያገኛል፤ ከዚያው ጋር ግን ሳይበርቢት የሚባል የእስራኤል ኩባንያ የሠራው የስለላ ፕሮግራም ተጠቅልሎ ይገባ ነበር። የማስታወቂያው ደላላና ሰላዩ በዓላማ ቢለያዩም በአንድ በር የሚገቡ መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን፤ ስለዚህ በሩን ለአንዱ ቸል ብሎ መተው ለሌላውም መተው ነው።

ደባልን ስለ መለየት

አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፣ በዚሁ በምዕራብ ወሎ ምድር ገዳሙ የሚገኘው የአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ሊቅ፣ መጽሐፈ ምሥጢር በተባለው ታላቅ ድርሰቱ መናፍቃንን ሲቃወም፣ ሁሉን በጅምላ አይረግምም፤ እያንዳንዱን በስሙ ጠርቶ፣ ስሕተቱ ምን እንደ ሆነ ገልጦ፣ ከዚያ በኋላ መልሱን ይሰጣል። ሥርዓቱ ለማንኛውም የማጥራት ሥራ ይበጃል፤ ስሙን ሳያውቁ መንቀል እህሉን ከአረሙ ጋር ማጥፋት ነውና። በወንጌል ያለው ባለ እርሻም አገልጋዮቹ እንክርዳዱን ለመንቀል ሲቸኩሉ ስንዴውን አብረው እንዳይነቅሉ ከልክሏቸዋል። በኮምፒውተር ውስጥም ስማቸው እንግዳ የሆነ፣ ነገር ግን ድምፁን፣ ማተሚያውን፣ የመዳፊቱን ሰሌዳ ወይም የዋይፋዩን መቀበያ የሚያሠሩ ብዙ አገልጋዮች አሉ፤ እነዚህን በጥርጣሬ ብቻ የሚነቅል ሰው ደባሉን ትቶ አሽከሩን ያባርራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማንንም ከማስወጣት በፊት መመርመር ነው። የማይጠፋውን ሁሉ፣ ደብዳቤውንና ፎቶውን፣ በሌላ ዲስክ ላይ ገልብጦ ማስቀመጥ ይገባል፤ የፕሮግራም መጫኛ ፋይሎችን ግን አብሮ መገልበጥ ዘሩን አብሮ ማስቀመጥ ነውና አይገባም። ከዚያ ኢንተርኔቱን አቋርጦ፣ ሴቲንግስ ከሚባለው ውስጥ አፕስ የሚለውን ከፍቶ፣ የተጫኑትን በቀናቸው ቅደም ተከተል ማሰለፍ፤ ችግሩ የጀመረበትን ሰሞን ማስታወስ፤ በዚያ ቀን የገቡትን ሁሉ በስማቸውና በሠሪያቸው መመርመር፤ የማይታወቀውን ስም በሌላ ንጹሕ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ፈልጎ ምንነቱን ማንበብ ያስፈልጋል።

ከግንድ እስከ ሥር

ማንነታቸው የታወቁትን ደባሎች አንኢንስቶል በሚለው ትእዛዝ አንድ በአንድ ማስወጣት ይጀመራል። በዚህ ጊዜ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ደባል ሲሰናበት «በእርግጥ ልትተወኝ ነው?» የሚል ጥያቄ ያመጣና፣ አዎን የሚለውን ቃል በማቆያው ላይ፣ አይደለም የሚለውን በማስወጫው ላይ ይጽፈዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ጥያቄ አንብቦ መመለስ ግዴታ ነው። ይህ ግን ግንዱን መቁረጥ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስፍራ የኢንተርኔት መክፈቻው፣ ማለት ክሮም ወይም ኤጅ ወይም ፋየርፎክስ ነው። ደባሉ ከዝርዝሩ ቢጠፋም እንኳ፣ ኤክስቴንሽን የሚባል ቅጥያ በዚህ ትቶ ሊሄድ ይችላል፤ የመጀመሪያውን ገጽ፣ የመፈለጊያውን ስም፣ እንዲሁም የትኞቹ ገጾች መልእክት እንዲልኩ እንደ ተፈቀደላቸው መርምሮ፣ ያልታወቀውን ሁሉ መሻር ይገባል። ብዙ ሰው ቫይረስ ብሎ የሚያማርርበት ነገር አንድ ቀን ቸኩሎ «ፍቀድ» ካለው ገጽ የሚመጣ ማስታወቂያ ሆኖ ይገኛል።

ሦስተኛው ስፍራ የንጋት በር ነው። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ማንም ሳይጠራቸው የሚነሡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ በመጫን የሚከፈተው ታስክ ማናጀር፣ ስታርትአፕ በሚለው ገጹ አብዛኞቹን ያሳያል። ነገር ግን ተንኮለኛው ደባል በዚህ አይቆምም፤ ሰርቪስ በሚባሉት ስውር አገልጋዮች መካከል ይቀመጣል፤ ወይም ደግሞ ታስክ ስኬጁለር በሚባለው የሰዓት መዝገብ ውስጥ «በየሰዓቱ ተመልከት፤ ከጠፋሁ እንደ ገና አምጣኝ» የሚል ትእዛዝ ጽፎ ይተዋል። አስወጥቼው ነበር፣ ማግስቱን ተመለሰ የሚል ሰው ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። እነዚህን በሮች ሁሉ በአንድ ሰሌዳ ላይ የሚያሳየው ኦቶራንስ የሚባል በነጻ የሚሰጥ መሣሪያ ነው፤ ከሠሪዎቹ አንዱም ያ የሶኒን ስውር ፕሮግራም የገለጠው ማርክ ረሲኖቪች ሲሆን፣ ሲስኢንተርናልስ የተባለውን ሥራውን ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ ገዛው፣ መሣሪያው ዛሬ ከማይክሮሶፍት ገጽ ይገኛል። በዚህ መሣሪያ ሲሠሩ የማይክሮሶፍትን የራሱን መዝገቦች እንዳይታዩ አድርጎ፣ የቀሩትን መመርመር፤ የተጠረጠረውን ወዲያው ከመሰረዝ ይልቅ ምልክቱን አንሥቶ ኮምፒውተሩን እንደ ገና መክፈት፤ ሁሉም በደኅና ከሠራ በኋላ መሰረዝ የብልህ ሥራ ነው።

አራተኛው ስፍራ፣ ከሌኖቮ ታሪክ እንደ ተማርነው፣ የሥር ምስክሮቹ መዝገብና ኢንተርኔቱ በማን በኩል እንዲያልፍ የሚያዝዘው ፕሮክሲ የሚባለው ቅንብር ነው። ባለቤቱ ያላዘጋጀው ፕሮክሲ ካለ መጥፋት አለበት፤ የሥር ምስክሮቹን ግን ሙያው ያለው ሰው ቢያይ ይሻላል፤ አንዱን በስሕተት መሰረዝ እውነተኛውን ገጽ ሐሰተኛ ያስመስላልና።

ከዚህ በኋላ ኢንተርኔቱ ተመልሶ፣ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ጠባቂ ሙሉ ፍተሻ እንዲያደርግ ማዘዝ ይገባል። ይህ ጠባቂ ምናልባት የማይፈለጉ ተብለው የተመደቡ ፕሮግራሞችን የሚያግድበት ቅንብር ስላለው፣ መከፈቱን ማረጋገጥ አይረሳ። «ምናልባት» የምትለው ቃል የገባችው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እንደነዚህ ያሉ ፕሮግራሞች ባለቤቶች ፕሮግራማችንን ክፉ አላችሁብን እያሉ የጥበቃ ኩባንያዎችን ይከስሱ ነበር፤ ዛንጎ የተባለው ኩባንያ ካስፐርስኪን ከስሶ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት ተረትቷል። ለማጣራት ሲባል ግን በማስታወቂያ የቀረበልንን «ነጻ ማጽጃ» መጫን ፈጽሞ አይገባም፤ ሐኪም ነኝ ብሎ የሚገባው ደባል ከሁሉ ይከፋልና።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ምልክቱ ካልጠፋ፣ ወይም ኮምፒውተሩ ሲገዛ ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ፣ ክራክ በሚባል መክፈቻ በተሠራ ዊንዶውስ የሚሠራ ከሆነ፣ ቆርጦ መነሣት ይሻላል፤ ሰነዱን አውጥቶ፣ ዲስኩን አጥፍቶ፣ ከማይክሮሶፍት ገጽ በወረደ ንጹሕ ቅጂ እንደ አዲስ መጫን። በክራክ የተከፈተ ፕሮግራም ጥበቃውን አጥፋ ብሎ አስቀድሞ የሚጠይቅ ነው፤ ጠባቂውን ያሰናበተ ባለቤት ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚገባውን አያውቅም።

ዘሩ እንዳይነቃ

አቀንጭራ በአፈር ውስጥ ተኝቶ ዓመታት ሲጠብቅ የሚያነቃው፣ የማሽላው ሥር ወደ አፈር የሚያወጣው የኬሚካል ምልክት ነው፤ ያን ምልክት ያላገኘ ዘር አይበቅልም። ኢትዮጵያዊው ሊቅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ምሥጢር መርምሮ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ስላወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጠው። የመቋቋሙ አንዱ መንገድ ይህ ነው፤ ማሽላው ምልክቱን አሳንሶ ስለሚያወጣ፣ የጠላቱ ዘር በአጠገቡ ሳለ ሳይነቃ ይቀራል።

እኔም ለደባል ፕሮግራሞች ያለው ዘላቂ መድኃኒት ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። የደባሉ ዘር በኢንተርኔቱ ሜዳ ሁሉ ተበትኗል፤ ሁሉንም ለቅሞ ማጥፋት የሚችል የለም፤ የሚያነቃው ግን የእኛ ሳያነቡ መጫን ነው። እንግዲህ ፕሮግራሙን ከሠሪው ከራሱ ገጽ ማውረድ፤ ስንጭነውም ፈጣኑን መንገድ ትተን ዝርዝሩን የሚያሳየውን መምረጥ፤ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበትን ሣጥን ሁሉ ምልክቱን ማንሣት፤ የማይገባን ቃል ሲመጣ ወደፊት ከመሄድ ይልቅ ማቆምና መጠየቅ ይገባል። ከሁሉ በፊት ደግሞ፣ የምጭነው ነገር በእርግጥ ያስፈልገኛልን? ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ የዓለም ሥርዓት ውስጥ የገባ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ወዲህም የአማርኛ መጻፊያ ገበታና ኒያላ የሚባለው የፊደል ቅርጽ ከዊንዶውስ ጋር ወጥቷል፤ ዛሬም ባለቤቱ የቋንቋውን ቅንብር ከፍቶ አማርኛን ቢጨምር ይበቃዋል። የመካነ ሰላሟ ወጣት ያን ሁሉ ደባል ያስገባችው በቤቷ የነበረውን ነገር በውጭ ስትፈልግ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ያልነገርናት ግን እኛ የተማርነው ነን።

የኮምፒውተር ወንጀልን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 958/2008 እና የግል መረጃን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሀገራችን ወጥተዋል፤ መውጣታቸው መልካም ነው። ሆኖም ሕግ የሚደርሰው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው፤ በበሩ ላይ የሚቆመው ባለቤቱ ራሱ ነው። ስለዚህ ይህን ምዕራፍ ያነበብህ መምህር፣ ለተማሪዎችህ ማይክሮሶፍት ዎርድን ከማስተማርህ በፊት ፕሮግራም እንዴት እንደሚጫንና እንዴት ከነሥሩ እንደሚነቀል አስተምራቸው፤ አንቺም የጽሕፈት ቤት ባለቤት፣ ለደንበኛሽ ፕሮግራም ስትጭኝለት በጥያቄው ሁሉ ላይ ቆመሽ በአማርኛ ንገሪው። በራሱ ቋንቋ የገባው ሰው «አይሆንም» ማለትን ያውቃል።